ልጆቹ ቀድመው ደረሱ፦ በናሩቶ ትዳር ዙሪያ የተደረገ ጥናት

የማንጋ አንባቢን ክፉኛ የሚያስቀይመው ሞት ሳይሆን ጋብቻ ነው። ገጸ ባሕሪው ሲሞትበት አልቅሶ እርሙን ያወጣል፤ ያልፈለጋትን ሲያገባበት ግን ቂሙ ዓመታት ይሻገራል። ለዚህ ጥናት በናሙናነት የተመረጠው የማሳሺ ኪሺሞቶ «ናሩቶ» እ.ኤ.አ. በ1999 በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት ተጀምሮ ኖቬምበር 10 ቀን 2014 በ700ኛው ምዕራፍ ተቋጨ። 15 ዓመት አብሮ የከረመ አንባቢ ዘመድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ ሳይማከር የተደረገን ጋብቻ አይመርቅም።

በጋብቻው የሚሟገቱት አንባቢዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ዋናውን ገጸ ባሕሪ ናሩቶን ለቡድን ጓደኛው ለሳኩራ፣ ሌላው ለሂናታ ያጨ ነው። ሁለቱም ማስረጃ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል፤ ችግሩ ማስረጃው ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ያው አንድ ገጽ መሆኑ ነው። ለአብነት፣ በታሪኩ ጦርነት መሐል ከሙታን የተመለሰው የናሩቶ አባት ሚናቶ ሳኩራን የልጁ ፍቅረኛ መሆን አለመሆኗን ይጠይቃታል። ናሩቶ እያፈረ ነገሩን ወደ አዎንታ ይጎትተዋል፤ ሳኩራ ወዲያው ትመታዋለች። የሳኩራ ወገን አማት ምራቱን እንዳወቀ ይመዘግባል። የሂናታ ወገን ያችኑ ምት እምቢታ ብሎ ይጽፋታል። አጥኚው ገጹን ደጋግሞ መርምሮ ያረጋገጠው ናሩቶ መመታቱን ብቻ ነው።

ኑዛዜዎቹም አላገዙም። ሂናታ ጠላታቸውን ፔይንን ብቻዋን ስትገጥም ናሩቶን እንደምትወደው ነገረችው፤ በማንጋው ውስጥ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠበት ገጽ አይገኝም። ሳኩራም በበረዶ መሐል ፍቅሯን ብትገልጽለት ራሱን የሚያታልል ሰው እንደሚጠላ ነግሮ መለሳት።

ከዚያ 699ኛውና 700ኛው ምዕራፍ በአንድ ቀን ወጡ። በመጀመሪያው የናሩቶ ጓደኛና ተቀናቃኝ ሳስኬ መንደሩን ለቆ ይሄዳል። በሁለተኛው ዓመታት አልፈው ናሩቶ ሆካጌ (የመንደሩ መሪ)፣ የሂናታ ባልና የሁለት ልጆች አባት ሆኗል፤ ሳኩራም የሳስኬን ልጅ ታሳድጋለች። ሽማግሌ አልተላከ፣ ድግስ አልተደገሰ። ጓደኛቸው ቾጂ እንኳ፣ አንባቢ ናሩቶን በቡጢ ስትደበድብ ከሚያስታውሳት ከካሩይ ወልዶ ተገኘ! የናሩቶና የሂናታ ፍቅር የተተረከው «ዘ ላስት» በተባለው ፊልም ሲሆን ጃፓን ውስጥ የታየው ዲሴምበር 6 ነው። በቅደም ተከተል ሲቀመጥ፣ ልጆቹ ኖቬምበር ላይ ተወለዱ፣ ወላጆቻቸው ዲሴምበር ላይ ተፋቀሩ፤ ለዚያውም ትኬት ለቆረጠ ሰው።

በሽታው የአንድ ድርሰት ብቻ አይደለም። በኦገስት 2016 በ686ኛው ምዕራፍ ያበቃው የቲቴ ኩቦ «ብሊች» ዋናውን ገጸ ባሕሪ ኢቺጎን ለኦሪሂሜ፣ ሩኪያን ለሬንጂ ዳረ። ኢቺጎን ከሩኪያ ሲያጣምሩ ከኖሩት አንዳንዶቹ የገዙትን ቅጽ ቀደዱ። ደራሲው በዚህ የደረሰበት ጉዳት የለም፤ ሒሳቡ ቀድሞ ተከፍሏል።

አጥኚው በሙሽሮቹ ምርጫ ላይ ተቃውሞ የለውም። ጥፋቱ ለአንድ ውጊያ ብዙ ምዕራፍ ሲቸር የኖረ ብዕር ለትዳሩ አንድ ገጽ መንፈጉ ነው።

ሙግቱ በመጨረሻ ቤተሰቡ ውስጥ ገባ። ኪሺሞቶ በ2015 ባወጣው አጭር የ«ናሩቶ» ተከታይ ታሪክ የሳስኬ ልጅ ሳራዳ፣ ሳኩራ እናቷ መሆኗን ትጠራጠራለች። የዘረመል ምርመራ ተደረገ፤ ውጤቱም ካሪን የምትባል ሌላ ሴት ወላጇ ናት አለ። የተመረመረው እትብት ከካሪን መሳቢያ የተገኘ ነበር፤ ካሪን ደግሞ ሳራዳ ስትወለድ ያዋለደች ሴት ናትና እትብቱ የሳራዳ የራሷ ነበር። እናቷ ሳኩራ ናት።