ቡሬት በጠመኔ

እናንተዬ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ካሻችሁም ወደ ገጠሩ ወረድ ብላችሁ የኬሚስትሪ መምህር ስታገኙ «ላብራቶሪያችሁ ይሠራል?» በሉት። መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ቁልፉን ፍለጋ ይዟችሁ ይዞራል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሰው ደግሞ ወረዳ ስብሰባ ሄዷል።

ቢከፈትስ? የሚቀበላችሁ የአሮጌ መጻሕፍት ቁልል፣ እግሩ የተሰበረ ዴስክና አቧራ የጠጣ ቢከር ነው። ቧንቧው ውሃ የለውም። የጠርሙሶቹ ወረቀት ተልጦ የትኛው አሲድ፣ የትኛው ጨው እንደሆነ የሚያውቅ ጠፍቷል። ስም የሌለው ጠርሙስ አይነካም፤ ልጆቻችን ቢያንስ ይህን የላብራቶሪ ሕግ በተግባር ተምረዋል። መምህሩም በሞዴል 22 ፈርሞ ያወጣው ዕቃ ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ቢከሩም አይሰበር፣ ልጁም አይማር!

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመበት አገር ስለ ቢከር ማጉረምረም ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ግን ሰላም በነበረ ጊዜም ቡሬት የሚባለውን የፈሳሽ መለኪያ ቱቦ የምናሳየው በጠመኔ ስለን ነበር።

ጠመኔ ደግሞ አይንጠባጠብም። ቲትሬሽን ማለት በአንድ እጅ የቡሬቱን መክፈቻ እየያዙ፣ በሌላው ፍላስኩን እያሽከረከሩ፣ ጠብታ በጠብታ መልቀቅ ነው። ፍላስኩ ያለው አሲድ ውስጥ ፌኖልፍታሊን የተባለው ቀለም ጠቋሚ ካለ፣ ከቡሬቱ ቤዝ ሲጨመር ሮዝ ቀለም ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ፈዘዝ ያለው ሮዝ ሳይጠፋ ሲቆይ ወዲያው ይዘጋል። የእኛ ልጅ ይህን በቃሉ ይወጣዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቡሬት ሲጨብጥ ግን ለቆት ፍላስኩ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል። የፈሳሹን ልክ ዐይኑን አስተካክሎ ከጎድጓዳው ግርጌ ማንበብ ሲገባው፣ ቆሞ ቁልቁል ያነባል። እዚያም ቢሆን ዕቃው ለቡድን ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ቁጥር ይገለብጣል።

የሚያናድደው ደግሞ ኬሚስትሪው ደጃችን መሆኑ። እናቱ አረቄ የምታወጣ ልጅ መጽሐፉ ላይ ያለውን የመስታወት ኮንደንሰር አይቶት ስለማያውቅ «ዲስትሌሽን ከብዶኛል ቲቸር» ይላል። እናቱ ድፍድፉን ስታፈላ፣ እንፋሎት እንዳያመልጥ መገጣጠሚያውን ስትለስን፣ ማቀዝቀዣው ውሃ ሲሞቅ ስትቀይር እያየ ነው ያደገው። ተራውን መልሳ አፍልታ ዳግም ስታወጣም ያያል። መሬቱስ ቢሆን? የምዕራብ ጎጃም ደጋ አፈር አሲድ በዝቶበት ገበሬው ኖራ በትን ይባላል፤ የገበሬው ልጅ ግን ሊትመስ ወረቀት ሳይነካ 12ኛን ይጨርሳል።

አቤት ስንል ሥልጠና ይመጣልናል። «በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ ሥሩ» ይሉናል። ሠርተናል! የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠን ማጥለያ፣ የሕክምና መርፌ ገዝተን መለኪያ አድርገናል። አሲድና ሚዛንስ ከየትኛው ገበያ ይሸመት?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ነጥብ ያመጡት ከመቶው አራት እንኳ ሳይሞሉ ሲቀሩ አገር ጮኸ። ስለ ኩረጃ ተወራ፣ ስለ መምህር ተወራ፤ ስለ ተቆለፈው ክፍል ብዙም አልተወራም። ፈተናው ምርጫ ነው፤ እጅን የሚፈትን ጥያቄ የለውም። የማይፈተን ነገር ደግሞ በጀት አይያዝለትም። እኛም በየዓመቱ የዕቃ መጠየቂያ ስንሞላ አሲድና ፒፔት መጻፉን ትተን ጠመኔ ብቻ እንጠይቃለን፤ እሱም ከተገኘ ነው።