ክብር ለ«አልትራ»

አንዳንድ ሰው ጌም የሚጭነው ሊጫወትበት ነው አሉ። ይገርማል። ቁምነገረኛ ጌመር ሳይበርፐንክ 2077ን ሲጭን ገና ታሪኩ ሳይጀመር ሴቲንግ ይገባና ያለውን ሁሉ እስከ ጥግ ይሰቅለዋል። ጉሙ አልትራ፣ ደመናው አልትራ፤ ጥላው ከ«ሃይ» በላይ ስለሌለው ቅር እያለው ያልፈዋል። ነጸብራቅ ላይ ሲደርስ ግን ከአልትራም በላይ «ሳይኮ» የሚባል እርከን ያገኛል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ደንበኛቸውን አብጠርጥረው ያውቁታል።

የጌሙ ከተማ ናይት ሲቲ ላይ ዝናብ ጥሏል፤ የኒዮኑ መብራት አስፋልቱ ላይ በተኛው ውሃ ውስጥ ይንቦገቦጋል። ጀግናችን መኪናውን ወደ ግራ ይጠመዝዛል። መኪናዋ ትእዛዙን የምትሰማው ግን ግድግዳውን ከገጨች በኋላ ነው። ጥግ ላይ ያለው ቆጣሪ በሰከንድ 24 ፍሬም ይላል። ይህን ጊዜ ደካማ ሰው ይበሳጫል፤ የእኛ ሰው መልስ አያጣም፦ «ሲኒማም እኮ 24 ነው!» እውነቱን ነው። ሲኒማ ቤት ግን መሪ የያዘ ተመልካች አላየሁም።

አልፎ አልፎ አንድ መናፍቅ ብቅ ይላል። «60 ፍሬም ከፈለግክ የግራፊክስ ካርድህ እያንዳንዱን ምስል በ16.7 ሚሊሰከንድ ሠርቶ መጨረስ አለበት፤ ነጸብራቁን ከሳይኮ አውርደው፣ ጉሙን ሚዲየም አድርገው፣ ፕሮሰሰርህ ከደከመም መንገዱ ላይ የሚተራመሰውን ሕዝብ ቀንስለት። ጨዋታውን አቁመህ ካላፈጠጥክ ልዩነቱን አታየውም» ይላል። ሚዲየም! ይህን ቃል ሰው ፊት እንዴት ደፍሮ አወጣው? ጉሙ ትንሽ የሳሳ እንደሆነ ጎረቤት ምን ይላል?

ማዕረግ የማይነካ አንድ ማምለጫ አለ፤ ዲኤልኤስኤስ ይባላል። 4ኬ ማለት 8.3 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ነው፤ የ1080ፒ አራት እጥፍ። ዲኤልኤስኤስን «ፐርፎርማንስ» ላይ ስታደርገው ካርዱ የሚሠራው የ1080ፒውን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን ገምቶ ይሞላዋል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ አልዋሽም፤ ምስሉም ያምራል። የሚያስቀው፣ ጉሙን አንድ እርከን ማውረድ ውርደት ነው ያለው ሰው ሦስት አራተኛውን ፒክስል ዓይኑን ሳያሽ መሸኘቱ ነው። ሜኑው ላይ አሁንም 4ኬ ተብሎ ተጽፏላ!

ይህም ካልበቃው ፍሬም ጀነሬሽን አለለት። በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል ካርዱ ከራሱ ፈጥሮ ያስገባል። ቆጣሪው ሽቅብ ይተኮሳል፤ እጅ ግን ያንን ፍጥነት አያገኘውም፤ ቀጣዩ ፍሬም እስኪደርስ መጠበቅ ስላለ እንዲያውም ጥቂት ይዘገያል። በጃንዋሪ 2025 የካርድ ሠሪው የኤንቪዲያ አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ መድረክ ላይ ወጥቶ 549 ዶላር ዋጋ የተቆረጠለት 5070 የተባለው ካርድ የ4090ን አቅም ይሰጣል ብሎ አበሠረን። 4090 ሲወጣ ዋጋው 1,599 ዶላር ነበር። ምስጢሩ? ከአራት ፍሬም እስከ ሦስቱ ድረስ የፈጠራ ናቸው። ምን ችግር አለው! እኛ እንደሆነ የምንጫወተው ቆጣሪውን ነው።

ፊልም ግሬይን የሚባለውን ሴቲንግማ ባልረሳ፦ ያን ሁሉ ገንዘብ ከስክሶ ምስሉን ያጠራ ሰው መልሶ አቧራ ይነሰንስበታል።

ለማንኛውም ወንድሜ፣ ማንም የማያይህ ከሆነ ዛሬ ማታ ሳይኮን አውርድ፣ ጉሙን ሚዲየም አድርግ፣ ቆጣሪውንም አጥፋና ተጫወት። አልትራው እንደሆነ የትም አይሄድም።