የዐይኔ ቆብ ቁጥር ወጣለት

እናንተ የዘመኔ ሰዎች፣ ዓለም ቅጥ አጣች እያላችሁ ስታማርሩ እሰማለሁ። ግን የዐይናችሁ ቆብ ቁጥር ወጥቶለት ያውቃል? የእኔ ወጣለት። ጸጉሩ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኔን ሲፍቀኝ ጊዜ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድሁ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅርብኝ፣ ነገር አልወድም። ሲስተሯ የልጅ ልጄ እኩያ ናት። «አባባ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለችኝ። ደግ ጥያቄ ነው ብዬ ከአያቴ ጀምሬ ማስረዳት ያዝሁ። ገና እናቴ ዘንድ ሳልደርስ ኮምፒውተሩ ላይ «ኤች 02.0» ብላ ዘጋችው። የሦስት ትውልድ ሕመም በአንድ ፊደልና በሦስት አኃዝ! አበስኩ ገበርኩ!

ጉዱ በዚህ አያበቃም። ቆቡ ወደ ውጭ ከተገለበጠ 02.1 ነው። አልከደን ካለ 02.2፣ ከወደቀ 02.4። ብጉንጅ ካወጣ ደግሞ ኤች 00። ማዙ ራሱ፣ እነሱ ትራኮማ የሚሉት፣ ሌላ ፊደል ተሰጥቶት ኤ 71 ሆኗል። ድኖ ጠባሳው ከቀረ ለርዝራዡም ቢ 94.0 አለለት። የጎረቤቴን ወረቀት ብታዩት ኤ 71.9 ይላል፤ «ትራኮማ፣ ያልተገለጸ» ማለት ነው አሉ። ያልተገለጸ! በሰርግም በለቅሶም ስለ ዐይኑ ሲገልጽ የኖረ ሰው፣ ማንም አስቁሞት የማያውቅ!

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ነው። ሥራው ሐኪም የጻፈውን እያነበበ ቁጥር መለጠፍ ነው፤ ለዚህም ደመወዝ ይከፍሉታል። እዚያ ከጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀኝና ግራው፣ ላይና ታቹ ሳይቀር ተለይቷል አለኝ። ጠባሳ ያጠፈው የቀኝ ላይኛ ቆብ ኤች 02.011፣ የቀኝ ታችኛው 02.012፣ የግራ ላይኛው 02.014፣ የግራ ታችኛው 02.015 ነው። «013ስ የት ገባ?» ብለው «ቀኝ ዐይን ሆኖ ላይኛው ይሁን ታችኛው ያልተገለጸ» አለኝ። ከራሱ ቆብ ላዩንና ታቹን የማይለይ ሰው ሕክምና ምን ያደርግለታል?

የዚህ ሁሉ ጠንቅ ዣክ በርቲዮን የሚባል የፓሪስ ሰው ነው። በ1893 እ.ኤ.አ. የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አቀረበ። በሙታን ቢያቆም ምን ነበረበት? ሙት አይከራከርም። ዝርዝሩ ግን ከሞት ወደ ሕመም እያደገ መጣና አሥረኛው እትም በ1990 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። ይኸው የእኔን ቆብ ያገኘው እሱ ነው። ሳንለምደው ደግሞ አሥራ አንደኛው መጣ፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊደሉም ቁጥሩም ተቀያይሯል። ቆቡ ያው ቆብ ነው።

በአባቶቻችን ጊዜ ቁጥር ለአሞሌ ጨው ነበር፤ ይፋግ ገበያ ላይ ይቆጠራል፣ ይበቃል። ዐይን ማን ይቆጥራል? ሁሉም ጤነኛ ነው። ዝንቡ እንኳ ጨዋ ነበር፤ ልጅ ፊት ላይ ያርፋል፣ እንባውን ይቀምሳል፣ ወደሚቀጥለው ልጅ ይሄዳል። ፊት መታጠብ ለዓመት በዓል ነው። ሽንት ቤት ቆፍሩ ብሎ የሚያስቸግር የለም፤ ሜዳው ሰፊ ነው። አያቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ዐይናቸው አልደከመም፤ ሁላችንንም በኮቴያችን ይለዩን ነበር። ዘንጋቸውን ይዤ የምመራቸው ለክብራቸው ብዬ ነው። እናቴ ወረንጦዋን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እርስ በርስ ይነቃቀላል፤ ጸጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ እንደገና ይሰበሰባሉ። እንዲህ ነበር ፍቅር! ዛሬ በአንድ ቀዶ ጥገና ጨርሰው ሰዉን በየቤቱ በተኑት።

በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በተደረገው የአገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች 62.6 ከመቶው ላይ ማዝ ተገኘ አሉ። ልብ በሉ! ሳንቆጥር ስንኖር አንድም አልነበረም፤ ቆጠሩና መጣ። ከዚያ ወዲያ ፋታ የለም። ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ የወባና የትራኮማ ሳምንት እያሉ አዚትሮማይሲን አደሉን። ስንት ክኒን እንደምወስድ ለመወሰን እንደሚሸጥ ባሕር ዛፍ ቁመቴን በእንጨት ለኩኝ። ጎረቤቴ ረዘም ስለሚል ጨመሩለት። በነጻ ቢሆንስ፣ ፍርድ አይጓደልም?

ቀዶውም ቢሆን ወግ አልነበረውም። ሠሪው የሠለጠነ ነርስ ነው። አደነዘዘኝ፣ ቆቡን ሰንጥቆ ጸጉሩን ወደ ውጭ አዞረና ሰፋው፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቴ ነበርሁ። ለጠያቂ እንኳ ጊዜ የማይሰጥ ሕመም ምን ሕመም ነው? ከዚያም ወዲህ መንደሩ ተበላሸ። ደጃፌ ተቀምጬ ሳይ የማን አጥር እንዳዘመመ፣ የማን ልጅ ስልኩ ላይ ተደፍቶ እንደሚሄድ፣ ምራቴ ወጡ ላይ ስንት ቅቤ እንደነፈገች ጥርት ብሎ ይታየኛል። በፊት ይህ ሁሉ ጥፋት አልነበረም።

አሁን ደግሞ ግራው መቆርቆር ጀምሯል። እሄዳለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ግን ሲስተሯ እንደ አምናው «02.0» ብላ ልታልፍ ብትል አልነሣም። ቀኙ 011 ከነበረ ግራው 014 ነው፤ ላይኛው፣ በጠባሳ የታጠፈ። ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ከትቻለሁ። ያልተገለጸ የሚባለው ጎረቤቴ ነው!