መቀመጥ ክልክል ነው

ሰው የሚበሳጭበት ነገር አጥቶ አያውቅም። የጤፍ ዋጋ አለ፣ የመብራት መጥፋት አለ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮት ሥር ቆሞ የሚጮህ የሚኒባስ ረዳት አለ። እኔን ግን ይኸው ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ በርጩማ ነው።

ለጉዳይ ከጅማ ወጥቼ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄጄ ነበር። ጉዳዬ በግማሽ ቀን አለቀና፣ መኪናው የሚነሳው ደግሞ በማግስቱ ሆነና፣ ሙዚየም ገባሁ። የትኛው ሙዚየም እንደሆነ አልናገርም፤ ጠባቂዋ ልጅ ሥራዋን ሠራች እንጂ ምንም አላጠፋችም። ትኬቴን ቆርጬ ጋሻውን፣ ጦሩን፣ ብራናውን፣ ማን እንደለበሰው የማይታወቀውን ካባ ሁሉ እያየሁ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምኩ። ጉልበቴ ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻው ክፍል ጥግ፣ ከቀይ ገመድ ጀርባ፣ የአገሬን ልጅ አገኘሁት፤ የጅማ በርጩማ! ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ መቀመጫው እንደ ገበቴ ጎድጎድ ያለ፣ ጠርዙ ከመቀመጥ ብዛት ቅቤ የጠጣ የሚመስል። አጠገቡ የተለጠፈው ወረቀት «በርጩማ። ከእንጨት የተሠራ። ለመቀመጫነት ያገለግላል» ይላል። ዝቅ ብሎ በቀይ ቀለም «መቀመጥ ክልክል ነው» ይላል።

ሁለቱን እያፈራረቅሁ አነበብኳቸው። ዞር ዞር ብዬ ባይ በአዳራሹ ውስጥ ሌላ መቀመጫ የለም። ጠባቂዋ ራሷ ግድግዳ ተደግፋ አንድ እግሯን ታሳርፋለች።

«ልጄ፣ ትንሽ አረፍ የምልበት ነገር ይኖራል?»

«ውጪ ደረጃው ላይ ይቻላል፣ ጋሼ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሲሚንቶ ነው፤ ብርዱ እስከ ወገቤ ድረስ ዘለቀ። የጅማ ሰው፣ በርጩማው ሦስት እርምጃ ላይ እያለ፣ ሲሚንቶ ላይ!

ሙዚየም ለምን እንደሚያስቆም ብዙ አሰብኩበት። ምናልባት ለድንቅነሽ ክብር ይሆናል። በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችው እናታችን ዓለምን ያስደነቀችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሯ ቆማ በመሄዷ ነው። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ወርዶ ላያትም ቅጂዋ ቆማ ነው የምትጠብቀው። እሷ ያን ሁሉ ዘመን ከቆመች አንተ አንድ ሰዓት መቆም ምን ያቅትሃል ለማለት ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው ከመቆም ወደ መቀመጥ የተሸጋገረበትን፣ መጥረቢያ አንስቶ እንጨቱን ጎድጎድ ያደረገበትን ቀንስ ማን አጠናው? እኔ ብጠየቅ ትልቁ ሥልጣኔ የኋለኛው ነው እላለሁ።

የሚገርመው ነገር፣ በእኛ አገር ሙዚየሙ አያስቀምጥም፤ ገጠሩ ደግሞ አያስነሳም። የጅማ ሰው «ዝም ብሎ መንሸራሸር» የሚባል ነገር አይገባውም። ባለፈው ቅዳሜ በእግሬ ወደ ጅሬን ወጣሁ። ከከተማው መሐል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገት ቢኖረውም ለነፍስ ጥሩ ነው። ገና ሁለተኛውን መታጠፊያ ሳልጨርስ አንዱ ጎረቤት ያዘኝ።

«ወዴት ነው?»

«ጅሬን።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላይ ነው።»

«እስካሁን አላዩትም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ለዚህ «ታዲያ» ሃምሳ ዓመት ሙሉ መልስ ፈልጌ አጥቻለሁ። ያየሁትን ነገር ደግሜ ማየት ለምን እንደምፈልግ ለሰው ማስረዳት አልችልም። የእንጨቱ ሰገነት ላይ ከሰዓት በኋላ የሚያርፈው ፀሐይ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ላይ ቁልቁል ከተማው፣ ከከተማው ወዲያ አረንጓዴው ሲታይ ደስ ይለኛል። አለቀ። ይህን ግን መንገድ ላይ ቆሞ እንዴት ይሉታል? «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ማለት ይቀላል። እንዲህ እያልኩ ጅሬን ውስጥ ስንት የሌለኝ ዘመድ እንዳፈራሁ እኔና እግዜር እናውቃለን።

ከጎረቤት ቢያመልጡ ከባጃጅ አያመልጡም። በእግሩ የሚሄድ ጎልማሳ ሰው ሁሉ ገንዘብ ያጣ ወይም የጠፋበት ነው የሚመስላቸው። ከባጃጅ ቢያመልጡ ደግሞ ከቡና አያመልጡም። አጋሮ ሲወርዱ፣ ከዚያም ወደ ጎማ ገጠር፣ ቡና ከካልዲ ፍየሎች ጋር ተገኘበት ወደሚባለው ወደ ጮጬ በእግር ሲገቡ፣ በየአጥሩ «ኮቱ፣ ታኢ፣ ቡና ዱጊ» ይባላሉ፤ ና ተቀመጥ፣ ቡና ጠጣ ማለት ነው። እንቢ ማለት ነውር ነው። እሺ ካሉ ደግሞ ቡናው ገና አልታጠበም። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ጭሱ በእጅ ወደ አፍንጫ ተጋብዞ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪወርድ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች፤ የጅማ ዝናብም ይደርሳል። አንድ ጊዜ ከስድስት ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ ሁለቱን ብቻ ሄጄ ዘጠኝ ሲኒ ጠጥቼ ተመልሻለሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ስለ በርጩማው ያሰብኩት ያኔ ነው።

በርጩማ! እስቲ ለምን ሦስት እግር ሆነ? አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የትኛውም ቢሮ፣ የትኛውም ምግብ ቤት ግቡና ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ በሉ፤ ከአንደኛው እግር በታች የታጠፈ ወረቀት ወይም የቢራ ቆርኪ አለ። ሦስት እግር ግን ወለሉ እንዴት ቢጎረብጥ አይነቃነቅም፤ ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ መሬት ያገኛል። እናቶቻችን ጂኦሜትሪ ሳይማሩ ድስቱን ሦስት ጉልቻ ላይ የጣዱት ለዚህ ነው። የአፈር ወለል ያለው ቤት አራት እግር አያምንም። አሁን በየቡና መጠጫው የወረረን የፕላስቲክ ወንበር አራት እግር አለው፤ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ደልደል ያለ ሰው ወደኋላ ደገፍ ሲልበት የኋላ እግሮቹ ቀስ ብለው እንደ ፍየል ግልገል ሲከፈቱ ያላየ የለም። ሐዘንተኛው ይስቃል፤ ሳቁን በነጠላው ይሸፍናል።

እንጨቱስ? ጥሩው የሚፈለፈለው ከዋንዛ ነው፤ ኦሮሞው ዋዴሳ ይለዋል። ዋንዛ በቡና ማሳ ውስጥ የሚቆም የጥላ ዛፍ ነው። ቡና እንደ ጨዋ ልጅ ጥላ ይወዳል፤ ቀጥታ ፀሐይ ሲበዛበት ይጎሳቆላል። እንግዲህ ቡናው ሲያድግ ጥላ የሆነው ዛፍ፣ ቡናው ሲፈላ መቀመጫ ሆኖ ይመጣል። ዛሬ ዋንዛ እንደ ልብ አይቆረጥም፤ በርጩማውም እንደ ልብ አይገኝም። በለጠ ጫካ ውስጥ፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ ቀን ትልቅ ግንድ ሥር ቆሜ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል እያየሁ፣ በዓይኔ ስንት በርጩማ እንደሚወጣው ስቆጥር ራሴን ያዝኩት። አፈርኩ። ጉሬዛዋም ያወቀችብኝ ይመስለኛል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ። መቀመጥ መከልከሉን ይቅር ብያለሁ። ሁሉ ሰው ቢቀመጥበት በአንድ ዓመት ይሰነጠቃል፤ ይገባኛል። ይቅር የማልለው ወረቀቱን ነው። «በርጩማ። ከእንጨት የተሠራ።» በማን? ማን ሠራው? በዚያው ሕንፃ በር ላይ አዳራሹን መርቀው የከፈቱት ባለሥልጣን ስም ከነማዕረጉ እብነ በረድ ላይ ተቀርጿል። እሳቸው መቀስ ይዘው አንድ ሪባን ቆረጡ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግንዱን ጥሎ፣ ጠርቦ፣ በመሮ እየፈለፈለ፣ አንዱ እግር ከተሰበረ ሁሉንም እንደገና የሚጀምረው ሰው ግን ስም የለውም! እኛ እኮ የፈረስ ስም የማንረሳ ሰዎች ነን። አባ ጅፋር ማለት የጅፋር አባት ነው፤ ጅፋር ፈረሳቸው ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ሲገዙ በፈረስ ስማቸው ተጠሩ፤ ዛሬም ትልቅ ትንሹ ያንን ስም ይጠራል። የፍየል እረኛው ተረትም በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ፋውስቶስ ናይሮን በተባለ ምሁር ሲታተም እረኛው ስም አልነበረውም፤ በኋላ ግን ካልዲ ተብሎ ስም ወጣለት፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠሩ ቡና ቤቶች አሉት። ፈረስ ስም አለው፤ ተረት ውስጥ ያለ እረኛ ስም አለው፤ ሪባን ቆራጭ ስም አለው። ወገባችንን ያሳረፈው ሰው «ከእንጨት የተሠራ» ተብሎ ቀረ። ድሮም እጁ ሥራ ከሚያውቅ ሰው ጋር አብረን ማዕድ ላለመቅረብ ሰበብ ስንፈልግ ኖረናል፤ አሁን ዕቃውን መስታወት ውስጥ አስገብተን «ባህላችን» እያልን ፎቶ እንነሳበታለን። ይህ ያንገበግበኛል።

ይህንኑ ለባለቤቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስነግራት ወደ ጓዳ አመለከተችኝ። የአያቴ በርጩማ እዚያ አለ፤ የውሃ ጀሪካን ተጭኖበታል።

«ያንንስ ማን ሠራው?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ጀሪካኑን አውርጄ፣ በርጩማውን ገልብጬ ሥሩን አየሁት፤ የመሮው ምልክት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሯል፣ አንዱ እግር ሥር ላይ ደግሞ አጭር ጭረት አለ። ምልክት ይሁን ልጅ ሆኜ በቢላ የጫርኩት አላውቅም። አክስቴን ጠየቅኳት። «ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣ ሰውዬ ነበር፣ ጥርሱ ፍንጭት» አለች። ከዚያ በላይ አታስታውስም፤ የገዙበትን ዋጋ ግን እስከ ስሙኒዋ ድረስ ነገረችኝ።

እናም ባለፈው ሐሙስ ገበያ ወጣሁ። ከሸክላውና ከጆንያ ቡናው ወዲያ አንድ ሽማግሌ አራት በርጩማ ደርድረው አምስተኛው ላይ ራሳቸው ተቀምጠዋል። ጥርሳቸውን ለማየት ብሞክርም አልሳቁልኝም። ተከራክሬ አንዱን ገዛሁ፤ ሳልከራከር ብገዛ የበለጠ ይጠረጥሩኝ ነበር። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁና «አባቴ፣ ስምዎን ቢነግሩኝ?» አልኳቸው።

ደብተሩን አዩ፤ እስክሪብቶውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ለግብር ነው?»

«አይደለም አባቴ፣ በርጩማው ሥር ልጽፈው ነው።»

«ቢሰበር ልትከሰኝ?»

ብምል ብገዘት አላመኑኝም። ጎረቤታቸው ሸክላ ሻጯ በሳቅ ፈረሰች። በርጩማዬን አንጠልጥዬ በእግሬ ወደ ቤት ጉዞ ጀመርኩ። ዋንዛ ሲይዙት ቀላል ይመስላል፤ ኪሎ ሜትር ሲሄዱበት ግን ይከብዳል። መንገዱ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬው ቁጭ አልኩበት። መሬቱ ጎርበጥ ያለ ነው፤ በርጩማው ንቅንቅ አላለም። ገና አየር ሳልስብ አንድ ባጃጅ ፍሬን ያዘ።

«ጋሼ፣ በሰላም ነው? ወዴት ነው?»