አምስቱ የጎደሉ ወራት

ከያልታ እስከ ፖትስዳም ያለው ጊዜ አምስት ወር ነው። እኔ የገዛሁት መጽሐፍ ላይ ከጎደለው ውስጥም ይኸው አምስት ወር ነበረበት። ለገሃር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዋጋ ተከራክሬ የወሰድኩት ወፍራም የቀዝቃዛው ጦርነት ታሪክ ነው። ሩዝቬልት፣ ቸርችልና ስታሊን በፌብሩዋሪ 1945 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ክራይሚያ፣ ያልታ ሊቫዲያ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ስለ ፖላንድ ሲመክሩ አነበብኩ። ገጹን ስገልጥ ማርች 5 ቀን 1946 ሆኗል፤ ቸርችል ሚዙሪ ግዛት ፉልተን ላይ ቆሞ በአውሮፓ ስለወረደው የብረት መጋረጃ ይናገራል። መሐሉ ተገንጥሏል። አብረው ማዕድ የቆረሱ ሰዎች በዓመት ውስጥ እንዲህ የተቆራረጡት ምን መጥቶባቸው ነው? እንቅልፍ ነሳኝ።

ሻጩ ዘንድ ተመለስኩ። «ወንድሜ፣ እኔ መጽሐፍ እንጂ ገጽ ቆጥሬ አልረከብም» አለኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ስመለስ ቸርችል ጎዳና ላይ የነሐሴ ዝናብ ያዘኝ፤ ታክሲ የለም፤ የተረፈው መጽሐፍም ቤት ሲደርስ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር።

ያዳኑኝ በደርግ ጊዜ ኪዬቭ የተማሩ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ሞስኮ የታተመ፣ በሩሲያኛ የተጻፈ የጦርነት ታሪክ አላቸው። «ና ልጄ፣ እኔ ላንብብልህ» አሉኝ። ፖትስዳም ስንደርስ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስን፤ ፊደሉ ግን አልታይ አላቸው፤ መጽሐፉን ዘግተው በቃላቸው ቀጠሉ።

«ጋሼ፣ ስታሊን ፖላንድን ለምን እንዲህ ሙጥኝ አለ?»

«ጀርመን በሁለቱም ጦርነት በዚያ በኩል አይደል የመጣችበት? እኛ ስንማር 20 ሚሊዮን ሶቪየት ሞተ ይባል ነበር። ኋላ ራሳቸው 27 ሚሊዮን ገደማ ነው አሉ። ይህን ያህል ሰው የቀበረ አገር ድንበሩ ላይ ማንን ያምናል?»

ይህን ማስተባበል አልችልም፤ ማስተባበልም አልፈልግም። ግን በማርች 1945 የፖላንድ የምስጢር ትግል መሪዎች ለንግግር ተብለው ተጠርተው ነው የታሰሩት። 16ቱን ሞስኮ ወስደው በጁን ወር ለፍርድ አቀረቧቸው። ከናዚ ጋር ሲዋጉ የኖሩ ሰዎች ናቸው! የስታሊን ፍርሃት ይገባኛል፤ ያን ግብዣ ግን ይቅር የምልበት ልብ የለኝም። ለጋሼም እንዲሁ አልኳቸው፤ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ።

እሳቸው ደግሞ ጣታቸውን የሚቀስሩት ጁላይ 24 ላይ ነው። የዚያን ቀን የፖትስዳሙ ስብሰባ ሲበተን፣ ሩዝቬልትን የተካው ትሩማን ያለ አስተርጓሚው ወደ ስታሊን ጠጋ ብሎ፣ አገሩ ከተለመደው ውጭ የሆነ አጥፊ መሣሪያ እንዳላት በዋዛ ጣል አደረገለት። አቶሚክ የምትለዋን ቃል አላነሳም። ስታሊንም ምንም እንዳልሰማ ሆነ፤ ክላውስ ፉክስን በመሳሰሉ ሰላዮች ነገሩን ቀድሞ ያውቀው ነበር። አንዱ ሸሸገ፣ ሌላውም ማወቁን ሸሸገ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሂሮሺማ ነደደች።

እኔን የሚያሳዝነኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ትሩማን ምክትል ፕሬዚዳንት በነበረባቸው 82 ቀናት ስለ ቦምቡ አልተነገረውም፤ ሩዝቬልት ኤፕሪል 12 ሞተና ዝርዝሩን የሰማው ኤፕሪል 25 ነው። ቸርችልም ፖትስዳም ላይ ጉባኤው ሳያልቅ በምርጫ ተሸንፎ ወንበሩን ላሸነፈው ለአትሊ ለቀቀ። ያልታ ላይ ከነበሩት ሦስት መሪዎች እስከ መጨረሻው የተቀመጠው ስታሊን ብቻ ነበር። እነዚያ ሰዎች ተቃቅረውም ቢሆን መተዋወቃቸው ዋጋ ነበረው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይሮጣል፦ 1947 የትሩማን ዶክትሪን፣ 1948 የበርሊን ከበባ፣ 1949 የሶቪየት ቦምብ፣ 1950 ኮሪያ። በማግስቱ ዓመት የእኛም ቃኘው ሻለቃ በመርከብ ተጭኖ እዚያው ገባ። ሊቫዲያ ላይ ማንም ያላነሳው የእኛ አገር ወጣት በኮሪያ ተራራ ላይ መውደቁን ሳስብ፣ ይህ ታሪክ የሰው ታሪክ ነው ብዬ ልተወው አልችልም።

ከጋሼ ጋር ክርክሩ አልተፈታም። አሁን የያዝነው ሁለት ቴሌግራሞችን ጎን ለጎን ማንበብ ነው፦ አሜሪካዊው ዲፕሎማት ጆርጅ ኬናን በፌብሩዋሪ 1946 ከሞስኮ፣ ታሞ ተኝቶ ሳለ ወደ ዋሽንግተን የላከውን፤ የሶቪየቱ አምባሳደር ኖቪኮቭ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ማብቂያ ከዋሽንግተን ወደ ሞስኮ የጻፈውን። የኖቪኮቭን እሳቸው ይተረጉሙልኛል፣ የኬናንን እኔ እተረጉምላቸዋለሁ።