ለእናትህ ያመጣኸውን ስልክ ከኔትወርክ የማጣላት ምክር

ከአሜሪካ ለእናትህ ስልክ ይዘህ ልትገባ ነው እንበል። አንተ ተመልሰህ በሄድክ በሳምንቱ ያ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ እንዲቀር ከፈለግህ የሚከተለውን ምክር ሳታጓድል ፈጽም። የምመክርህን ሁሉ ሰዎች በየቀኑ ሲያደርጉት አያለሁ፤ የሚጎዱት ደግሞ ስልኩን የገዙት ልጆች ሳይሆኑ እናቶች ናቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙ እናቶች ስልክ ቁጥር ገንዘብ መቀበያቸውም የመብራት መክፈያቸውም ሆኗል። እሳቸውን ከኔትወርክ ማጣላት ከገንዘባቸውም ማጣላት ነው።

መጀመሪያ ስልኩን ከስልክ ኩባንያ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ግዛና ክፍያው ሳያልቅ ይዘኸው ና። እንዲህ ያለ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ከሸጠው ኩባንያ ሲም በቀር ሌላ እንዳይቀበል ተቆልፎ ነው የሚሰጠው፤ ዕዳው ተከፍሎ ሳያልቅም ብዙውን ጊዜ አይከፈትም። አዲስ አበባ ደርሰህ የኢትዮ ቴሌኮምን ወይም የሳፋሪኮምን ሲም ስታስገባ ስልኩ አልቀበልም ይላል። ከዚያ ወደ ስልክ ጠጋኝ ትሮጣለህ፤ ጠጋኙ ገንዘብህን ተቀብሎ ለጥቂት ቀን የሚሠራ ዘዴ ያበጅልሃል፤ ስልኩ ሶፍትዌሩን ባደሰ ማግስት ተመልሶ ይቆለፋል። አይፎን ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ችግር ከመሳፈርህ በፊት በአንድ ደቂቃ ልታውቀው ትችል ነበር። ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ጀነራል፣ ቀጥሎ አባውት ውስጥ ገብተህ «ካሪየር ሎክ» የሚለውን ተመልከት። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካላለ ስልኩ ገና የኩባንያው እንጂ የእናትህ አይደለም።

ከዚህም የባሰ መንገድ አለ። በአሜሪካ የሚሸጡት አይፎኖች በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው አይፎን 14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት ስልኩ ውስጥ በተሠራው ኢሲም ብቻ ነው። ይህን ሳታጣራ፣ እናትህ ለዓመታት የያዟት ሲም እዚያ ስልክ ላይ እንዴት እንደምትሠራም ሲሟን የሰጣቸውን የስልክ ድርጅት ሳትጠይቅ ግዛና አምጣ። እሳቸው ሲሟን በመዳፋቸው ይዘው ማስገቢያውን ሲፈልጉ ታያቸዋለህ።

ማስገቢያ ያለው ስልክ ካመጣህ ደግሞ የድሮውን ትልቅ ሲም በወጥ ቤት መቀስ ቁረጠው። ናኖ የሚባለው ሲም በስፋቱ ብቻ ሳይሆን በውፍረቱም ከቀደሙት ያነሰ ስለሆነ በመቀስ የተከረከመው ሲም ማስገቢያው ውስጥ ተሰንቅሮ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። አገልግሎት መስጫ ጣቢያ ሄዶ መቀየር የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር። እዚያ ለመሄድ ግን ሌላ እንቅፋት ልታስቀምጥ ትችላለህ፤ ሲሙን በእናትህ ስም ሳይሆን በጎረቤት ልጅ ወይም በአጎትህ ልጅ መታወቂያ አውጣው። ሲሙ ሲጠፋ ምትክ የሚያገኘው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ያ ልጅ አረብ አገር ከሄደ ቁጥሩም፣ ከቁጥሩ ጋር የታሰረው ገንዘብም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። የአገልግሎት ጣቢያውን ሰልፍ ለመሸሽ ብቻ አንዲት እናት የገዛ ገንዘባቸው ባለቤት መሆናቸውን ማስረዳት እስኪያቅታቸው ይደረሳል።

የሲም ፒን ማብራትህን አትርሳ፤ ቁጥሩን ግን ለማንም አትንገር። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ስልኩ ፐክ የተባለውን ረጅም ቁጥር ይጠይቃል። እሱ የተጻፈው ሲሙ ታቅፎበት በመጣው ፕላስቲክ ላይ ነው፤ ያንን ፕላስቲክ የገዛህ ዕለት ጣለው። ፐኩን አሥር ጊዜ የተሳሳተ ሰው ሲም እስከ ወዲያኛው ይሞታል።

ስልኩን ስታስነሳም የራስህን አፕል አይዲ አስገባበት፤ ፈጣን ነው፤ ለእናትህ አዲስ ከመክፈት ያሳርፍሃል። ከወር በኋላ አንድ የሰፈር ባለሙያ ኔትወርክ አልሠራ ሲለው በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ስልኩም የአንተን የይለፍ ቃል ካላገኘሁ አልነሳም ይላል። ማረጋገጫው የሚላከው ዋሽንግተን አንተ ዘንድ ነው። አዲስ አበባ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን አንተ እንቅልፍ ላይ ነህ። እውነቱን ለመናገር ያ ባለሙያ ኤርፕሌን ሞድን ከፍቶ ትንሽ ቆይቶ ቢዘጋው ስልኩ ኔትወርኩን እንደ አዲስ ይፈልግና ይመዘገብ ነበር። ያ ካልሠራ የኔትወርክ ቅንብሩን ብቻ ማደስ ይቻላል፤ ይህ የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችን ያጠፋል እንጂ ፎቶና ስልክ ቁጥር አይነካም።

አንድሮይድ ካመጣህ ከዩቲዩብ የተማርከውን ምሥጢራዊ ኮድ ደውልና ስልኩን «ኤልቲኢ ብቻ» (ማለትም 4ጂ ብቻ) ላይ አድርገው። ቪዲዮ ይፈጥናል፣ አንተም ትደሰታለህ። ነገር ግን ድምፅን በ4ጂ ማስተላለፍ በዚያ ስልክና በዚያ መስመር ላይ ካልተከፈተ ጥሪ የሚገባው ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ወርዶ ነው፤ አንተ ደግሞ መውረጃውን ዘግተህበታል። ኢንተርኔቱ እየሠራ የደወለላቸው ሁሉ «አይገኙም» ይባላል። እናትህም ሰው የረሳቸው ይመስላቸዋል።

ዳታውን ያለ ፓኬጅ ክፍት አድርገህ ተወው። የሞላኸው ካርድ በመተግበሪያዎች ዝማኔና በቪዲዮ እያለቀ እናትህ ለመደወል ሂሳብ ሲያጡ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ፤ «ምን ነክቼ ይሆን?» ይላሉ። አይፎን ላይ ደግሞ በሴሉላር ገጽ መጨረሻ የተቀመጠውን ዋይፋይ አሲስት አትንካው። ሲመጣ በርቶ ነው የሚመጣው፤ የቤቱ ዋይፋይ ሲደክም ሳይጠይቅ ወደ ዳታ ይሻገራል። ዋይፋይ ላይ ነኝ ያሉት እናት ካርዳቸው የሚበላው በዚህ በኩል ነው።

የቤቱን ራውተር ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ደብቀው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል፤ ቆርቆሮ ግድግዳም እንዲሁ። ከሁለቱ የዋይፋይ ስሞች 5 ጊጋኸርዝ የሚለውን ብቻ ምረጥላቸው፤ እሱ ቅርብ ላለ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ በማለፍ ግን 2.4 ይሻላል። እሳቸው የሚቀመጡት ጓሮ ከሆነ 5 ጊጋኸርዙ አይደርሳቸውም። ስልክም ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ኃይሉን ጨምሮ ስለሚያስተላልፍ ይሞቃል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ይህን አታስረዳቸው፤ ስልኩ የተበላሸ ይምሰላቸው።

በመጨረሻ፣ በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም እንደማይነገር ሳትነግራቸው ተሳፈር። ሌባ ይደውላል፤ በትሕትና «እማማ፣ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። ለልጅ እንደሚታዘዙት ያነቡለታል። ባንክም ሆነ የስልክ ድርጅት ደውሎ የሚስጥር ቁጥር እንደማይጠይቅ ያስተማራቸው ሰው የለማ።

ይህን ሁሉ ላለማድረግ የሚያስፈልግህ ከእረፍትህ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሲሙን በስማቸው አስመዝግብ፤ የፐክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈህ ከመታወቂያቸው ጋር አስቀምጥ፤ ቋንቋውን ወደ አማርኛ ለውጥ፤ ከዚያ ስልኩን በእጃቸው አስይዘህ ራሳቸው ይደውሉ፣ ራሳቸው ዳታ ይክፈቱና ይዝጉ፣ ራሳቸው ቀሪ ሂሳባቸውን ይጠይቁ። ሲሳሳቱ ስልኩን ከእጃቸው አትንጠቅ። እባክህ፣ አብረሃቸው ተቀመጥና ደግመው ይሞክሩ።