የብርድን ማዕረግ ለመወሰን ከዲክሲስ ውርጭ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! (ደበሎውን ግን ለጊዜው አትቅደዱት፤ ለአንቀጽ ሦስት ይፈለጋል።)

እኛ ውርጭ ቀዳማዊ፣ የዲክሲስ ደጋ ጌታ፣ የገብስ እሸት አጥቋሪ፣ ጋቢ አስደራቢ፣ ከጭላሎ እስከ ባዳ አቻ የለንም ስንል የኖርን፣ በታኅሣሥ ሥልጣናችን ሙሉ በሆነበት ወር፣ በ16ኛው ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጄምስ ዌብ የሚባል ቴሌስኮፕ በአሪያን 5 ሮኬት ከፈረንሳይ ጊያና ተነሥቶ ብርድ ፍለጋ መሄዱን ሰማን። ብርድ ፍለጋ! እኛ እያለን! ነገሩን እንዲያጣራ የላክነው ጉምም ይዞት የመጣው ቃል ክብራችንን የሚነካ ሆኖ በመገኘቱ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የውርጭ ክብር ማስመለሻ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ጠቃሹ ጋቢ ይልበስ።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ
«ብርድ» ማለት እስከ ትናንት እኛ ማለት ነበር። የጠፈር ተመራማሪዎቹ ግን የሚቆጥሩት ከፍጹም ዜሮ ተነሥተው ነው፤ እሱም ከእኛ ዜሮ 273 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ መለኪያውንም ኬልቪን ይሉታል። ስለዚህ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ወርደን ገብሱን ያጠቆርንበት ያ ዝነኛ ሌሊት በእነሱ መዝገብ 271 ተብሎ ይጻፋል። የቴሌስኮፑ መሣሪያዎች ኑሮ በ40 አካባቢ ነው። ሚሪ የሚባለው ደግሞ ከ7 በታች ካልወረደ ሥራ አይጀምርም። እነሱ ዘንድ እኛ ምድጃ ነን። (ይህ ንዑስ አንቀጽ በአሰላ ገበያ እንዳይነበብ።)

ይህ ሁሉ ብርድ ለምን? ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ዓይን የማያየው ብርሃን ይረጫል፤ ላሟም፣ ጀበናውም፣ እኛም ጭምር። ቴሌስኮፑ ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚለቅመው ይህንኑ ዓይነት ብርሃን ነውና፣ ራሱ ከሞቀ የገዛ ራሱ ብርሃን ያሳውረዋል። ዲክሲስ ያልተተከለውም በዚህ ነው፤ አየራችንም ያበራል፣ እርጥበታችንም አብዛኛውን ይጋርዳል። ከላይ ለግምገማ መጥተው ራሳቸውን ብቻ አይተው የሚመለሱ ቡድኖችን ይህ ድንጋጌ አይመለከታቸውም።

አንቀጽ 3። ስለ ደበሎው
የቴሌስኮፑ ደበሎ፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያው፣ አምስት ድርብ ነው። ካፕተን ከሚባል፣ አሉሚኒየም ከተቀባ ስስ ፕላስቲክ የተሠራ ሆኖ፣ ርዝመቱ 21 ሜትር፣ ወርዱ 14 ሜትር ያህል ነው። ወደ ፀሐይ የዞረው ድርብ ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቀሩት አራቱ የዚያ ግማሽ ናቸው። ድርቦቹ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ሙቀትን አያሻግርም፣ ሾልኮ የገባውም በጎን ወደ ጠፈር ይወጣል። ቴሌስኮፑ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ስለቆመ ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ ሁልጊዜ ከደበሎው በአንድ ወገን ናቸው። በዚያ ወገን ሙቀቱ እስከ 110 ዲግሪ ይደርሳል፤ በዚህኛው ከዜሮ በታች 230ን ያልፋል። በግዛታችን ደበሎ የሚለበሰው እኛን ለመከላከል ነበር። ብርድን ከሙቀት የሚጠብቅ ደበሎ ስናይ የመጀመሪያችን ስለሆነ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍለት አዝዘናል።

አንቀጽ 4። ስለ መኖሪያ
አራቱ መሣሪያዎች ከትልቁ መስተዋት ጀርባ፣ ከካርበን ቃጫ በተሠራ አጽም ላይ ተሰክተው ይኖራሉ። ችግሩ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖቻቸው ነው፤ ሰው የሚኖርበት ክፍል ያህል ሙቀት ካላገኙ አይሠሩም፣ ከመሣሪያዎቹም ብዙ መራቅ አይችሉም። እናም እዚያው ቀዝቃዛው ሰፈር ውስጥ ተሸፋፍነው፣ ሙቀታቸውን ወደ ጥልቁ ጠፈር ብቻ እንዲለቁ ተደርገው ተጎራብተዋል። ኮምፒውተሩ ከደበሎው ማዶ ተግዟል።

አንቀጽ 5። ስለ ሚሪ ልዩ መብት
ሦስቱ መሣሪያዎች ሙቀታቸውን ወደ ጨለማው እየለቀቁ በራሳቸው ይቀዘቅዛሉ። ለሚሪ ግን ያ አልበቃውም። ስለዚህ ሂሊየም ጋዝ ከሞቃቱ ወገን በቀጭን ቧንቧ ተጉዞ ይደርሰዋል፤ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ሲሰፋ ይበርዳል፣ የሚሪን ሙቀት ተሸክሞም ይመለሳል። ያው ጋዝ ስለሚመላለስ አያልቅም። በ1995 ዓ.ም. የተላከው ስፒትዘር የሚባል ቴሌስኮፕ ግን ፈሳሽ ሂሊየሙን እያተነነ ኖሮ በግንቦት 2001 ስንቁ ስላለቀበት ሞቋል። ሚሪ ከ7 ኬልቪን በታች የወረደው መጋቢት 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ በዲክሲስ የሐዘን ቀን ሆኖ ይታሰባል።

አንቀጽ 6። ስለ ደረሰብን በደል
የቴሌስኮፑ አካል ከምድር እርጥበት ይዞ ወጥቶ ነበር። ያ እርጥበት መሣሪያዎቹ ላይ እንዳይረጋ በማቀዝቀዣው ወራት ማሞቂያ ተለኩሶ ተንኖ እንዲወጣ ተደረገ። እንግዲህ ፍረዱ! ያን ያህል በቀዘቀዘ ቤት ደጃፍ ላይ «እንዳይገባ» የተባለው ማን ነው? ውርጭ! ከቅዝቃዜ ዙፋን ላይ በማሞቂያ ተባረርን። ይግባኝ የምንልበት ሸንጎ ስላልተገኘ ቁጣችንን ወደ ገብሱ አዙረናል፤ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ይወቀው።

አንቀጽ 7። ቅጣት
ከእንግዲህ በግዛታችን ውስጥ «ይህስ ከዌብ አይብስም» ሲል የተሰማ፣ አንድ ንጋት ያለ ጋቢ በረት ይጠብቃል።

አንቀጽ 8። አዋጁ የሚፀናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ የፀና ይሆናል። ፀሐይ ስትወጣ ተሽሯል።